የሣር ማጨጃ መኪና አያያዝና ያለቁ ክፍሎቹ አለዋወጥ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

የሰው ልጅ ከድካም ለመዳን ሲል ልዩ ልዩ መኪናዎችን ሠርቷል። መኪናን መግዛት ገንዘብ ላለው ሁሉ ይቻላል፤ ገዝቶ ለብዙ ዘመን ማኖር ግን ዕውቀትና ትጋት ይጠይቃል። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ገብተን ብንመለከት፣ በጥቂት ብር ሊጠገን ሲችል ዝጎ የተጣለ ዕቃ ማየታችን አይቀርም። እኔም ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በራሳችን ትምህርት ቤት የደረሰ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር መጨረሻ ዝናብ ጥሎ የኳስ ሜዳችን ሣር ማደግ በጀመረ ጊዜ፣ የሣር ማጨጃው መኪና ከዕቃ ቤት ወጣ። ገመዱ ሃያ ጊዜ ያህል ቢሳብም አልነሣም አለ። «ይህ መኪና አርጅቷል፤ ለቁራሌው ይሸጥ» የሚል አሳብም ቀረበ። የወላጆች ቀን ሊደርስ የቀረው አንድ ወር ብቻ ስለ ነበረ አትክልተኛችን ማጭዳቸውን ስለው ያን ሰፊ ሜዳ በእጃቸው ማጨድ ጀመሩ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አባት በጭቃ ላይ ተንበርክከው ሳይ ልቤ አዘነ። ስለዚህ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከእጅ ሥራ መምህራችን ጋር ሆነን ወደ ርእሰ መምህሩ ቀርበን «ከመሸጡ በፊት ሁለት ሳምንት ይስጡን» ብለን ለመንን፤ ተፈቀደልንም። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የተማርነውን ነው።

የመኪናው ታሪክና ዓይነት

የሣር ማጨጃ መኪናን በመጀመሪያ የፈለሰፈው ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው በሚኖርበት በስትራውድ ከተማ አካባቢ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካዎች ነበሩ። በእነርሱም ውስጥ የጨርቁን ፊት እየላጨ የሚያስተካክል፣ ስለት የተጠመጠመበት ተሽከርካሪ በርሜል ይሠራበት ነበር። በዲንግም «ጨርቅ የሚላጭ ከሆነ ሣርስ ለምን አይላጭም?» ብሎ በማሰብ መኪናውን ሠራና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1830 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ከዚያ በፊት የትልልቅ ቤቶች መስክ ሁሉ የሚታጨደው በረጅም ማጭድ ነበር።

ዛሬ የሚገኙት ማጨጃዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው የበዲንግን ሥራ የተከተለው ባለ በርሜል ነው፤ ሣሩን ከታች ካለው የማይንቀሳቀስ ስለት ጋር እያገናኘ እንደ መቀስ ይቈርጠዋል። ሁለተኛው አንድ ጠፍጣፋ ስለት ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ በፍጥነት የሚሽከረከርበት ነው፤ ይህም ሣሩን እንደ ጎራዴ መትቶ ይቈርጣል። የትምህርት ቤታችን መኪና ሁለተኛው ዓይነት ሲሆን፣ በቤንዚን የሚሠራ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር አለው።

ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ

ጥገና የሚጀምረው አሠራርን ከማወቅ ነው። ሞተሩ አራት ምት ያለው ነው፤ ይኸውም መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠልና ማስወጣት ነው። በመጀመሪያው ምት ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ ካርቡራተሩ የቀላቀለውን አየርና ቤንዚን ይስባል። በሁለተኛው ወደ ላይ ወጥቶ ቅልቅሉን ያምቀዋል። ፒስቶኑ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካንዴላው የእሳት ብልጭታ ይሰጣል፤ ቅልቅሉም ተቃጥሎ ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋዋል። በአራተኛው ምት ጢሱ ይወጣል። የፒስቶኑን መውጣትና መውረድ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ኮሎ የሚባለው ብረት ነው። በኮሎው የላይኛው ጫፍ ቮላኖ የሚባለው ከባድ መንኰራኵር ይታሠራል፤ በታችኛው ጫፍ ደግሞ ስለቱ።

እንግዲህ አንድ ሞተር እንዲነሣ አራት ነገሮች ብቻ ያስፈልጉታል፤ እነርሱም ንጹሕ ቤንዚን፣ በቂ አየር፣ ጥሩ እመቃና በትክክለኛው ጊዜ የሚመጣ ብልጭታ ናቸው። ሞተር አልነሣ ሲል ከእነዚህ አንዱ ጐድሏል ማለት ነው። ገመዱን በንዴት ደጋግሞ መሳብ የጐደለውን አይሞላም።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

የስለታችን ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 53 ሳንቲ ሜትር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር፣ ማለት በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ የስለቱ ጫፍ በአንድ ዙር 1.66 ሜትር ስለሚጓዝ ፍጥነቱ በሴኮንድ 83 ሜትር ይሆናል። ይህም በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ብረት ትንሽ ጠጠር ቢያገኝ እንደ ጥይት ይወረውራታል። ስለዚህ ከማጨድ በፊት ሜዳውን ዞሮ ድንጋይ፣ ሽቦና አጥንት መልቀም፣ ሕፃናትንም ማራቅ ግድ ነው።

በጥገና ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ የካንዴላውን ገመድ ነቅሎ ከካንዴላው ማራቅ ነው። ይህን እኔ የተማርሁት ደንግጬ ነው። በመጀመሪያው ቀን መኪናውን አጋድሜ ስለቱን በእጄ ላዞር ስል መምህራችን ክንዴን ያዙና ጐተቱኝ። «ሞተሩ በገመድ ሲሳብም፣ ስለቱ በእጅ ሲዞርም የሚዞረው ያው አንድ ኮሎ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ቤንዚን ቢቀር ካንዴላው ብልጭ ይልና ስለቱ ጣትህን ይዞ ይዞራል» አሉኝ። ቀጥለውም ካንዴላውን ፈትተው፣ ቤንዚን ካለበት ሥፍራ አርቀው ገመዱን ሰኩበትና ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩት። ጓደኛዬ የማስነሻውን ገመድ ሲስብ ሰማያዊ ብልጭታ አየን። እኔ ሞቷል ያልሁት መኪና ጣቴን ሊቈርጥ የሚችል እሳት በውስጡ ነበረው።

መኪናውን ማጋደም ሲያስፈልግ ቤንዚኑን አስቀድሞ መቅዳት፣ ከዚያም የአየር ፊልትሮውና ካርቡራተሩ ያሉበት ጐን ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ ማጋደም ይገባል። በተቃራኒው ቢጋደም የሞተሩ ዘይት ወደ ፊልትሮው ፈስሶ ያበላሸዋል።

በየጊዜው የሚደረግ ጥበቃ

ዘይት፦ በእያንዳንዱ የሥራ ቀን መኪናውን በደልዳላ ሥፍራ አቁሞ የዘይቱን ልክ ማየት ያስፈልጋል። እንደኛ ያለው ሞተር የሚይዘው ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ያ ካነሰ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተፋግቶ ይነክሳል። አዲስ ሞተር ከመጀመሪያዎቹ 5 የሥራ ሰዓቶች በኋላ፣ ከዚያም በየ50 ሰዓቱ ወይም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ዘይቱ ይለወጣል። አሮጌው ዘይት ሞተሩ ሞቅ ብሎ ከጠፋ በኋላ ቢቀዳ ከነቈሻሻው በቀላሉ ይወጣል።

የአየር ፊልትሮ፦ ይህ የሞተሩ አፍንጫ ነው። ያለ ፊልትሮ የሚሠራ ሞተር ከአየር ጋር አቧራ ይስባል፤ አቧራውም ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ በየ25 ሰዓቱ በሞቀ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ከደረቀ በኋላ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ተደርጎበት ይጨመቃል። የወረቀት ከሆነ ግን አይታጠብም፤ ቀስ ብሎ መታ መታ በማድረግ ይራገፋል፤ ከጠቈረም ይለወጣል። የእኛው ሲከፈት ሸረሪት ድር ሠርታበት፣ የደረቀ ሣር ሞልቶት አገኘነው።

የስለቱ ክዳን፦ ከስለቱ በላይ ባለው ቈርቈሮ ውስጥ እርጥብ ሣር ይጣበቃል። ይህ ሣር አየር እንዳይዘዋወር ያግዳል፤ ቈርቈሮውንም ያዝገዋል። ከየሥራው በኋላ በእንጨት መፋቅ ይበቃል።

ያለቁ ክፍሎችን ስለ መለወጥ

1ኛ፤ ስለቱ። የደነዘ ስለት ሣሩን አይቈርጠውም፣ ይቦጭቀዋል። በማግስቱ የሣሩ ጫፍ ነጥቶና ተበጣጥሶ ከታየ ስለቱ ደንዟል ማለት ነው። ለመፍታት በስለቱና በክዳኑ መካከል ጠንካራ እንጨት ጣልቃ አስገብቶ እንዳይዞር ማገድ፣ ከዚያም መካከለኛውን ቡሎን በቺያቬ መፍታት ነው። ጠርዙ በፊት የነበረውን ማዕዘን ተከትሎ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሞረድ ይሞረዳል። እንደ ምላጭ ማሳል አያስፈልግም፤ በጣም የሳሳ ጠርዝ ቶሎ ይታጠፋልና። ተስሎ ካለቀ በኋላ ሚዛኑን ማየት እጅግ አስፈላጊ ነው። ስለቱን በመካከለኛው ቀዳዳ በምስማር ላይ ሲሰቅሉት አንዱ ጫፍ ወደ ታች ካዘነበለ ያ ወገን ከብዷልና ጥቂት ይሞረዳል። ሚዛኑ የተዛባ ስለት ሞተሩን እያንቀጠቀጠ ቡሎኖችን ያላላል፤ ኮሎውንም ይጐዳል።

ስለቱ የሚለወጠው በሦስት ምክንያት ነው፤ ስንጥቅ ሲታይበት፣ ሲጣመም፣ ወይም ከጠርዙ በስተኋላ ያለው ወደ ላይ የታጠፈ ክንፍ በአሸዋ ተበልቶ ሲሳሳ። የተጣመመ ስለት በመዶሻ ተቀጥቅጦ አይቃናም፤ ተሰብሮ ሰው ሊገድል ይችላል። አዲሱ ሲገባ ክንፉ ወደ ላይ፣ ወደ ክዳኑ መዞሩን አስተውሉ፤ ተገልብጦ ቢታሠር አይቈርጥም። ቡሎኑም ከነሮንዴላው በሚገባ ይጠበቃል።

2ኛ፤ ካንዴላው። ካንዴላ የሞተሩን ጤንነት የሚናገር ምላስ ነው። ጫፉ ግራጫ ወይም ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል። በዘይት ከረጠበ ዘይት ከልክ በላይ ተሞልቷል ወይም የፒስቶኑ ቀለበቶች አልቀዋል። በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ የሁለቱን ጫፎች ርቀት ወደ 0.75 ሚሊ ሜትር ማስተካከል ይገባል፤ ሸክላው የተሰነጠቀ ወይም ጫፉ የተበላ ከሆነ ግን በአዲስ መለወጥ ይሻላል። ሲመለስ መጀመሪያ በጣት ይዞራል፤ በቺያቬ የሚጠበቀው በመጨረሻ ብቻ ነው። የሲሊንደሩ ራስ አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ በቀላሉ ይበላል።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ልዩ የሆነ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በከፍታ አየር ይሳሳል፤ ሞተርም በየ300 ሜትሩ ከኀይሉ በመቶ 3 ያህል ያጣል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ልክ ተሠርቶ የመጣ ሞተር በእኛ ሜዳ ላይ የኀይሉን ሩብ ያህል አጥቶ ነው የሚሠራው። ደግሞም አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ስለሚበዛ ካንዴላው ቶሎ ጥላሸት ይይዛል። በደጋ አገር የሚኖር ሰው እንግዲህ ካንዴላውንና ፊልትሮውን ከመመሪያው መጽሐፍ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ማየት አለበት፤ ሣሩንም ብዙ ሳያድግ ማጨድ ይበጀዋል። በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት ከሲሶው በላይ አለመቍረጥ ለሞተሩም ለሣሩም መልካም ነው።

3ኛ፤ ካርቡራተሩ። የእኛ መኪና የመጀመሪያ በሽታ ይህ ነበር። ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ሲቀመጥ መበላሸት ይጀምራል፤ ቀላሉ ክፍል በንኖ ያልቅና እንደ ሙጫ ያለ ዝቃጭ ይቀራል። መኪናችን ከጥቅምት ጀምሮ ከነቤንዚኑ ተቀምጦ ስለ ነበረ የካርቡራተሩን ጽዋ ስንከፍት ቡናማ ዝቃጭ አገኘን። ጽዋው በንጹሕ ቤንዚን ይታጠባል። ቤንዚን የሚያልፍባት ቀጭን ቀዳዳ እንዳትሰፋ በቀጭን የመዳብ ሽቦ በርኅራኄ ትጠረጋለች። የተንሳፋፊው መርፌ ጫፍ ከተበላ ቤንዚን ስለሚፈስ መርፌው ይለወጣል፤ የደረቀ ጓርኒሲዮንም እንዲሁ። ይህ ሁሉ በውጭ አየር፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ የሚደረግ ነው።

4ኛ፤ የማስነሻው ገመድ። ገመዱ ተበጣጥሶ ከታየ ሳይቈረጥ መለወጥ ይሻላል። ልኩ ከአሮጌው ጋር ተመሳሳይ የሆነ የናይሎን ገመድ ይገዛል። በክዳኑ ውስጥ ያለው ሞላ ኀይለኛ ስለሆነ ድንገት እንዳይፈታ መዘውሩን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል።

5ኛ፤ የእጀታው ሽቦ። በአሜሪካ አገር ከ1982 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በወጣው ደንብ መሠረት፣ ሰው ከኋላ እየገፋ የሚያጭድበት መኪና እጀታው ሲለቀቅ ስለቱ በ3 ሴኮንድ ውስጥ እንዲቆም ግድ ሆኗል። ይህን የሚያደርገው ከእጀታው ወደ ሞተሩ የሚሄድ ሽቦ ነው። ሽቦው ከላላ ወይም ከተበጠሰ ሞተሩ ብልጭታ አጥቶ አይነሣም። አንዳንድ ሰዎች እጀታውን በገመድ አስረው ይሠራሉ፤ ይህ ግን ጠባቂውን ራሱን ማሰር ነው።

ሦስተኛው በሽታ

ፊልትሮውን ለውጠን፣ ካርቡራተሩን አጥበን፣ ካንዴላውን ጠርገን በዘጠነኛው ቀን ሞተሩን ለማስነሣት ሞከርን። ሞተሩ አንድ ጊዜ ተኰሰና ገመዱን ከእጄ ነጥቆ ወደ ኋላ ወሰደው። ቤንዚን አለ፤ አየር አለ፤ እመቃ አለ፤ ብልጭታም አለ። ጓደኞቼ «እንግዲህ ይሸጥ» አሉ። መምህራችን ግን «ብልጭታው አለ፤ በጊዜው መምጣቱን ግን አላወቃችሁም» አሉንና ከአንድ ጋራዥ ማውለቂያ ተውሰው ቮላኖውን አወለቁት።

በቮላኖውና በኮሎው መካከል ቺያቬታ የምትባል፣ ከለስላሳ ብረት የተሠራች ትንሽ ሽብልቅ አለች። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደተማርነው የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያግደው ካላገኘ መንቀሳቀሱን አይተውም። ስለቱ ድንጋይ መትቶ ድንገት ሲቆም ኮሎውም አብሮ ይቆማል፤ ከባዱ ቮላኖ ግን መዞሩን ሊቀጥል ይታገላል። በዚህ ጊዜ ያች ሽብልቅ ተቈርጣ ኮሎውን ከመጣመም ታድነዋለች። ነገር ግን ቮላኖው ጥቂት ስለሚዛነፍ በላዩ ያለው ማግኔት ብልጭታውን ያለ ጊዜው ያመጣዋል። የእኛይቱም እኩል ለሁለት ተቈርጣ ተገኘች። በምትኩ ጠንካራ ብረት ማስገባት ክልክል ነው፤ እርስዋ ካልተቈረጠች ኮሎው ይጣመማልና። ከገዛነው ዕቃ ሁሉ ርካሹም እርስዋው ነበረች። አዲሲቱን አስገብተን ዳዶውን በሚገባ ካጠበቅን በኋላ ሞተሩ በሁለተኛው ስበት ተነሣ።

አትክልተኛችን ድምፁን ሰምተው ማጭዳቸውን እንደ ያዙ መጡ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ በጥቅምት ወር በግቡ አጠገብ ድንጋይ መምታታቸውን፣ ከደመወዛቸው ይቈረጥ ይሆናል ብለው ፈርተው ለማንም አለመናገራቸውን ነገሩን። በዚያው ቀን ቢናገሩ ኖሮ የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነበር። ሆኖም እኔ በእርሳቸው ላይ ለመፍረድ አልደፈርሁም። ጥፋቱን የተናገረ ሰው በሚቀጣበት ሥፍራ ማንም ጥፋቱን አይናገርም፤ ዕቃውም በዝምታ ይሞታል። ርእሰ መምህሩም ይህን በሰሙ ጊዜ ምንም ቅጣት አላደረጉም። ይልቁንም በዕቃ ቤቱ በር ላይ አንድ ደብተር እንዲሰቀል አዘዙ። በእርሱም መኪናው የሠራበት ሰዓት፣ የዘይቱ ልክና የደረሰበት ጉዳት ሁሉ ይጻፋል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አትክልተኛችን በእጃቸው «ድንጋይ መታ» ብለው ጻፉ።

ለማስቀመጥ

ሣሩ ማደጉን ሲያቆም መኪናው እንዲሁ አይጣልም። ቤንዚኑ ተቀድቶ፣ የቀረው እስኪያልቅ ሞተሩ ይሠራ። ዘይቱ ይለወጥ፤ ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይጨመርና ገመዱ ቀስ ተብሎ ሁለት ጊዜ ይሳብ፤ ካንዴላውም ይመለስ። ከዚያም ክዳኑ ተፍቆ፣ ስለቱ ዘይት ተቀብቶ ከእርጥበት በራቀ ሥፍራ ይቀመጥ።

ውድ አንባብያን፣ በዚያ ዓመት የወላጆች ቀን ሜዳው እንደ ምንጣፍ ተስተካክሎ እንደ ነበረ የመጣችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። አባቶቻችን «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ይላሉ። ይህ ቃል ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለስፌት መኪናም፣ ለውሃ መሳቢያም፣ ለእህል ወፍጮም ይሆናል። እኛ ተማሪዎች ነገ ልዩ ልዩ ዕቃ በአደራ የምንረከብ ሰዎች ነን። ስለዚህ አንድ ዕቃ «አርጅቷል» ከማለታችን በፊት ከፍተን እንመልከት፤ ምናልባት የተሰበረችው አንዲት ትንሽ ሽብልቅ ብቻ ትሆናለችና።